አባቴ ከአይሲዩ ወጥቶ 2 ወር ሆነው ግን አቅም የሚባል ነገር የለውም

የአባቷ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፣ በሳንባ ምች 23 ቀን አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተኝቶ 15ቱን ቀን ቬንትሌተር (መተንፈሻ ማሽን) ላይ ነበር፣ ተመስገን ተርፎ ቤት ከገባ ሁለት ወር ሆነው። ሳንባው ድኗል ተብሏል ራጁም ንጹህ ነው ግን ሰውዬው በፊት የማውቀው አባቴ አይመስልም፣ ከወንበር የሚነሳው ሁለት ሰው ደግፎት ነው የሃይላንድ ክዳን እንኳን መክፈት አቅቶታል። ትናንት ቡና ሰጥቼው ሲኒው እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየና ምንም ሳይናገር ለእማዬ መለሰላት። ስንወጣ ስለ መድኃኒቱ ነገሩን እንጂ ስለዚህ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሊጠይቅ የሚመጣው ዘመድ ግማሹ "እንዳይነሳ፣ ይረፍ" ይላል ግማሹ ደግሞ "በርታ እንጂ ወንድ አይደለህ" ይለዋል፣ እሱ አንገቱን ይደፋል። ይሄ ነገር ይለቃል ወይስ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው? ያለፈበት ካለ በናታችሁ ንገሩኝ

ፊዚዮው፦
እህቴ እንኳን ተረፉላችሁ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ መጀመሪያ ለዘመዶችሽ የወኔ ጉዳይ እንዳልሆነ ንገሪልኝ፣ ጡንቻቸው በእውነት ሟሽሿል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት የአይሲዩ ታማሚዎችን የጭን ጡንቻ በአልትራሳውንድ ሲለካ በ10 ቀን ውስጥ በአማካይ 18 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነው ያገኘው፣ አባትሽ የተኙት 23 ቀን ነው እንግዲህ አስቢው። መተኛቱ ብቻ አይደለም ኢንፌክሽኑ ራሱ ጡንቻውንም ነርቩንም ይበላል።
ይረፉ ብሎ ማስተኛቱ ይብስባቸዋል። ጠንከር ያለ ወንበር ግድግዳ አስደግፋችሁ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይነሱ ይቀመጡ፣ 3 ጊዜ ከቻሉ 3 ይበቃል፣ ከሰዓት ይደግሙታል። ካዞራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው ያቁሙ። ደግሞ እግራቸውን እዪልኝ፣ ሲራመዱ ጣታቸው መሬት ይጎትታል? ነጠላ ጫማ ይወልቅባቸዋል? ከሆነ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ሳትቆዩ አስመርምሯቸው

ሚኒባስ_ሹፌር፦
እኔ በኮቪድ ጊዜ 19 ቀን ተኝቻለሁ። ቤቴ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃውን የወረድኩት በቂጤ እየተንሸራተትኩ ነበር ልጆቼ እያዩኝ። መኪና ውስጥ ስገባ ፍሪሲዮን ረግጬ መያዝ አልቻልኩም እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ስራ የተመለስኩት በ11ኛው ወር ነው። አሁን ሙሉ ቀን እነዳለሁ ግን ከባድ ዕቃ አላነሳም። ሌላው ማታ ማታ ቅዠት ነበረብኝ ያበድኩ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም፣ አባትሽን ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው እህቴ፣ ወንድ ልጅ ይሄን በራሱ አያወራም

ነርስ_ከቶሮንቶ፦
እዚህ ካናዳ ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ ከአይሲዩ የወጡ ሰዎችን 5 ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር፣ ብዙዎቹ ጎልማሶች ናቸው፣ በ5ኛው ዓመትም በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ከሚጠበቀው 76 በመቶ ገደማ ነበር። ላስፈራሽ አይደለም፣ በሁለት ወር ካልዳነ ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ ነው።
ምግቡ ላይ በርቱ። አጥሚት ብቻ ጡንቻ አይመልስም፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስጋ፣ ምስር በየምግቡ ይኑር፣ የኩላሊት ችግር ካለባቸው ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቂ። የሚጾሙ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሩልኝ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ አንቺ ብትነግሪያቸው እሺ አይሉሽም

የአባቷ_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ የሹፌሩን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና "እሱም ቅዠት ነበረበት?" አለኝ። ዛሬ ጠዋት 4 ጊዜ ተነስቷል እማዬ ናት የቆጠረችው። ፊዚዮው፣ ነጠላ ጫማ ላልከው የግራው ይወልቅበታል፣ እኛ እኮ ሰፍቶት ነው ብለን ሌላ ገዛንለት!! ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ