ክርክር፦ ፓንክን የጀመሩት የዲትሮይቶቹ ወንድማማቾች ናቸው?

ጋሼ ሸክላ፦ ፓንክ፣ ያ ፈጣንና ጯሂ የሮክ ዓይነት፣ ሲነሳ ሁሉም ኒውዮርክና ለንደን ይላል። ዲትሮይት ውስጥ ግን ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች፣ ዴቪድ፣ ቦቢና ዳኒስ ሃክኒ፣ በ1975 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሰባት ዘፈን ቀድተዋል። የባንዱ ስም «ዴዝ» ነው፣ ሞት እንደማለት። የኒውዮርኩ ፓንክ ባንድ የራሞንስ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1976 ነው። ስለዚህ ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ቤዝ መቺው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ራሞንስ እኮ በ1974 ኒውዮርክ ሲቢጂቢ ክለብ ይጫወቱ ነበር። እዚያው ሚሺጋን ውስጥም ስቱጅስና ኤምሲ ፋይቭ የሚባሉ የሮክ ባንዶች በ1969 አልበም አውጥተዋል። ደግሞ ዴዝን ማን ሰማው? በ1976 ያሳተሙት አንድ ሸክላ ነው፣ ያውም 500 ቅጂ። ማንም ያልሰማው ባንድ ምን ይጀምራል?

ዝም አልልም፦ ያልተሰሙት ለምን ሆነና! ዲትሮይት የሶል ሙዚቃ ኩባንያው የሞታውን ከተማ ናት። ጥቁር ከሆንክ ሶል ወይ ፈንክ ነው የሚጠበቅብህ። እነዚህ ልጆች ጊታር እያስጮሁ ሲመጡ ሬድዮውም ኩባንያውም የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋው። የሙዚቃ ኩባንያ አለቃው ክላይቭ ዴቪስ ወደዳቸው፣ ግን ስማችሁን ቀይሩ አላቸው። ዴቪድ እምቢ አለ። በቃ፣ ውሉ ቀረ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፦ እዚህ ላይ ዴቪድ አበዛው። ወንድሞቹ እኮ እሺ ለማለት ዝግጁ ነበሩ። ስም ለውጠህ ሙዚቃህን ብታሰማ ምን ነበረበት? ጥቁር ፓንክ ካልንም እዚህ ዲሲ ባድ ብሬይንስ አሉልን። ራስታዎች ናቸው፣ ጃንሆይ ጃንሆይ የሚሉ። ከእነሱ የተማረው ባንድ ብዙ ነው።

ዝም አልልም፦ አንተ ስትለው ቀላል ነው ወንድሜ። ዴቪድ ስሙን ያወጣው አባታቸው በአደጋ ከሞተ በኋላ ነው። ሞትን በበጎ ጎኑ ላሳይ ብሎ። ያንን ለውል ብሎ ይሽጠው?

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፦ ይሽጥ አላልኩም። ግን ዋጋውን የከፈለው እሱ ብቻ አይደለም። ባንዱ ፈረሰ። ቦቢና ዳኒስ ቬርሞንት ገብተው ሬጌ ተጫወቱ። ዴቪድ በ2000 በሳንባ ካንሰር ሞተ፣ ምንም ሳያይ።

ጋሼ ሸክላ፦ ከመሞቱ በፊት ግን ማስተር ቴፑን፣ ዋናውን ቅጂ፣ ለቦቢ ሰጥቶታል፣ አንድ ቀን ሰው ፈልጎት ይመጣል ብሎ። መጣም። ድራግ ሲቲ የሚባል የቺካጎ ኩባንያ በ2009 አወጣው። የቦቢ ልጆችም የአባታቸውን ዘፈኖች የሚጫወት ባንድ መሥርተዋል።

ቤዝ መቺው፦ ደስ ይላል፣ አልካድኩም። ግን የ2009ን ጭብጨባ ወደ 1975 አትውሰዱት። የለንደኖቹ ፓንኮች እነ ክላሽ፣ እነ ሴክስ ፒስቶልስ ይህን ቴፕ አልሰሙም። ደሞ የፓንክ ዘፈን አጭር ነው፤ የዴዝ «ፖለቲሺያንስ ኢን ማይ አይስ» ግን ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይሄ ሃርድ ሮክ ነው እንጂ ፓንክ አይደለም።

ጋሼ ሸክላ፦ አንዱን ረጅሙን መርጠህማ አትፍረድ። «ሮክ ኤን ሮል ቪክቲም» ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያው ቀረጻ ነው፣ ያው ዓመት። እሱን ስማና ና።