ቲኤስኤች ኖርማል ነው፣ ታካሚዋ ግን እየደከመች ነው፤ ፒቱታሪ ይሆን?

ጀማሪ ሐኪም (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት የ34 ዓመት እናት ግራ አጋብታኛለች። ይደክማታል፣ ብርድ አትችልም፣ ስትነሳ ያዞራታል። ከ2 ዓመት በፊት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ደም ተሰጥቷታል። ከዚያ ወዲህ የወር አበባዋ አልተመለሰም። እርጉዝ አይደለችም። የደም ግፊቷ 90/60፣ ቲኤስኤች (ታይሮይድ ዕጢን የሚያዘው ሆርሞን) ደግሞ 2.1 ነው። ድብርት ነው ብዬ መድኃኒት ልጽፍላት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከየት ልጀምር?

የሌሊት ተረኛ፦ እንኳን እምቢ አለህ። አንድ ነገር ጠይቃት፤ ከወለደች በኋላ ወተት መጥቶላት ነበር?

ጀማሪ ሐኪም፦ ደውዬ ጠየቅኳት። ጠብ አላለም፣ ልጄን በዱቄት ወተት ነው ያሳደግኩት አለችኝ። የብብት ጸጉሯም ሳስቷል። እስከ ዛሬ አንዱንም ጠይቄያት አላውቅም፤ አፈርኩ።

የሌሊት ተረኛ፦ አትፈር፣ ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ይሄ ሺሃን ሲንድሮም ይመስላል። በእርግዝና ፒቱታሪ (ከአንጎል ሥር ሆኖ ሌሎች ዕጢዎችን የሚያዘው ዕጢ) ያድጋል፣ ደም በብዛት ሲፈስ የሚደርሰው ደም ያጥረውና ይሞታል። ምልክቱ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

ቲኤስኤች ያታለለህ የሚመነጨው ከዚሁ ከታመመው ዕጢ ስለሆነ ነው። ዳኛው ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ፍርድ ይሰጥሃል። ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ኖርማልም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፍሪ ቲ4 (ራሱን የታይሮይድ ሆርሞን) አብረህ ላክ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኮርቲሶል (የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን)፣ ከዚያ ፕሮላክቲን (ወተት የሚያመርተው ሆርሞን)፣ ኤፍኤስኤች (እንቁላል እጢን የሚያዘው ሆርሞን) እና ሶዲየም። የወር አበባ ቀርቶ ኤፍኤስኤች ከፍ ካላለ፣ ችግሩ ከእንቁላል እጢ ሳይሆን ከላይ፣ ከአዛዡ ነው።

የሆርሞን ሐኪም፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ እባክህ አትዝለለው። ፍሪ ቲ4 ዝቅ ብሎ ብታየው ታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ) ለመጀመር አትቸኩል። ኮርቲሶል ሳይተካ ታይሮክሲን ከሰጠሃት አድሬናል ቀውስ (በኮርቲሶል እጥረት የሚመጣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ) ውስጥ ልትገባ ትችላለች። መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲሶን (የኮርቲሶል ምትክ)፣ ቀጥሎ ታይሮክሲን። የጠዋት ኮርቲሶል ከ3 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ጉድለቱ ግልጽ ነው ማለት ይቻላል። መሀል ላይ ከዋለ ማነቃቂያ ምርመራ (ዕጢውን ቀስቅሶ ኮርቲሶል ከፍ ማለቱን ማየት) ያስፈልጋል። ብታስመልስ ወይም ራሷን ብትስት ግን ውጤት አትጠብቅ፤ ደሙን ቀድተህ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር ስጥ፣ ግሉኮስ ያለበት ሳላይንም አስከትል።

ተጠራጣሪው፦ ታዲያ የደከመው ሁሉ የአንጎል ኤምአርአይ ይነሳ ልትሉን ነው?

የሆርሞን ሐኪም፦ በፍጹም! ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ከ10 ሰው በአንዱ ገደማ ትንሽ የፒቱታሪ እብጠት ይገኛል። ሆርሞኑ ይቅደም።

ነርስ እህት፦ መሣሪያ ከሌላችሁ ጣት አለ። ፊት ለፊቷ ተቀምጣችሁ አንድ ዓይኗን ሸፍኑ፣ ከዳር ጣታችሁን እያንቀሳቀሳችሁ አስገቡ። በሁለቱም ዓይን በጆሮ በኩል ያለው እይታ ከጠፋ ፒቱታሪ አብጦ የዓይን ነርቭ መገናኛውን ገፍቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሺሃን አይጠበቅም፣ ግን ሁለት ደቂቃ ነው። ደግሞ የማታጠባ ሴት ጡቷ ወተት ቢያወጣና ፕሮላክቲኗ ከፍ ቢል፣ ሜቶክሎፕራሚድ (የማቅለሽለሽ መድኃኒት) ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እየወሰደች እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ጋ አንዷ ለወራት የተመላለሰችው በማቅለሽለሽ መድኃኒት ምክንያት ነበር!

ጀማሪ ሐኪም፦ ውጤቱ መጣ። ፍሪ ቲ4 ዝቅ ያለ፣ ኮርቲሶል 2.4፣ ፕሮላክቲንም ዝቅ ያለ። የዓይን እይታዋ ደህና ነው። ሃይድሮኮርቲሶን ጀምሬላት ለሆርሞን ሐኪም ሪፈር ጽፌያለሁ።

የሆርሞን ሐኪም፦ ጎበዝ። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ንገራት፤ ትኩሳት ሲይዛት መጠኑን እጥፍ ታድርግ፣ ካስመለሳት መርፌ ፍለጋ ቶሎ ትምጣ። ባሏም ይስማ።