የድሮ ፓልም የሥራ ዝርዝር ወደ ስልክና ኤክሴል ለማዛወር የትኛው ፎርማት ይሻላል?

ትራንዚት_አዳማ፦
ሰላም ወገኖች። አዳማ ነኝ። ቢሯችን ውስጥ እስካሁን የሚሠራ ፓልም ኤም 105 (የድሮ የእጅ ኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ) አለ። የመኪኖቹ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያሉ ኮንቴይነሮች ጉዳይ፣ ሁሉም "ቱ ዱ" በሚለው የሥራ ዝርዝሩ ላይ በምድብ በምድብ ተመዝግቧል፤ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ በላቲን ፊደል ነው። ዝርዝሩ አንድሮይድ ስልክና ኤክሴል ላይ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ከድሮው ኮምፒውተር "ቱዱ ዶት ዳት" የሚል ፋይል በፍላሽ ገልብጫለሁ። በኖትፓድ ስከፍተው ጽሑፉ እዚህም እዚያም ይታያል፤ ቀኑ፣ ምድቡና ቅድሚያው ግን አይነበብም። ከየት ልጀምር? ወደ የትኛው ፎርማትስ ልቀይረው?

ቢት_በቢት፦
ወንድሜ፣ ፋይሉን ለጊዜው ተወውና ባትሪውን ተመልከት። ኤም 105 መረጃውን የሚይዘው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ራም ላይ ነው፤ ሁለቱ ትሪፕል ኤ ድንጋዮች ካለቁ ዝርዝሩም አብሮ ያልቃል። ድንጋይ መቀየር ካስፈለገህ አዲሶቹን ከማሸጊያው አውጥተህ በእጅህ ይዘህ ነው አሮጌዎቹን የምትነቅለው። ያለ ድንጋይ አንድ ደቂቃ እንኳ ይቆያል ብለህ አትተማመን።

ዳት የሚለው ፋይል ፓልም ዴስክቶፕ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው የፓልም ፕሮግራም) ለራሱ የሚጠቀምበት ነው። መሣሪያው ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ ፒዲቢ ይባላል፣ ስሙም "ቱዱዲቢ"። "ባክአፕ" የሚለው ፎልደር ውስጥ ስትፈልገው አትድከም፤ ፓልም ዴስክቶፕ ቱ ዱን የሚያመሳስለው በተለየ መንገድ ስለሆነ እዚያ አያስቀምጠውም። በቀጥታ ከመሣሪያው አውጣው።

ኤም 105 የሲሪያል ገመድ ነው ያለው፣ ስለዚህ ከሲሪያል ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልግሃል። ሊኑክስ ላይ "ፓይለት-ሊንክ" የሚባለውን ከፓልም ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ጫን፣ ራስህን ፖርቱን ለመክፈት ፈቃድ ያለው "ዳያልአውት" ግሩፕ ውስጥ አስገባና ውጣ ግባ (ይህን የዘለለ ሰው ፖርቱ አልከፈት ብሎት ገመድ ሊቀይር ይሄዳል)። ከዚያ "ፓይለት-ኤክስፈር"ን በ"ቢ" አማራጭ አስነሳ፤ ቱ ዱን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ይገለብጥልሃል። ማዘዣውን ከሰጠህ በኋላ ሆትሲንክን (የማመሳሰያውን ቁልፍ) ትጫናለህ። የዩኤስቢ ፓልም ያላችሁ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሆትሲንክ ሳይነካ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ጭራሽ አያየውም፣ ስለዚህ ቁልፉ ይቀድማል።

የወጣውን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጥና አንዱን ፈጽሞ አትንካው። ሌላውን "ጄ-ፓይለት" የሚባለው ፕሮግራም የመረጃ ፎልደር ውስጥ ጨምርና በእሱ ክፈተው፤ ወደ ሲኤስቪም (የሠንጠረዥ ጽሑፍ ፋይል) ወደ አይካሌንደርም (የካሌንደርና የሥራ መዝገብ ፎርማት) ያወጣልሃል።

ቀያሪው (ፎርማቱን የሚቀይረው ፕሮግራም) ያወጣው ቀን ልክ መሆኑን በእጅህ አረጋግጥ። እያንዳንዱ መዝገብ የሚጀምረው በሁለት ባይት ቀን ነው። አሰላሉ፦ ከዓመቱ 1904 ተቀንሶ በ512 ይባዛል፣ ወሩ በ32 ይባዛል፣ ቀኑ እንዳለ ይደመራል። መስከረም 1 1996 ዓ.ም. በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 2003 ነበር፤ 99 ሲባዛ በ512 50688፣ 9 ሲባዛ በ32 288፣ ሲደመር 12፣ ጠቅላላ 50988። ፋይሉ ላይ 199 እና 44 ሆነው በተርታ ታገኛቸዋለህ፣ ትልቁ ባይት ቀድሞ። ቀያሪህ ባይቶቹን ገልብጦ ካነበበ ይሄው ቀን ጁን 7 1926 ሆኖ ይወጣል። ስህተት ነኝ አይልም፣ ትክክለኛ ቀን ይመስላል፤ አደጋው እሱ ነው። ሁለቱም ባይት 255 ከሆኑ ደግሞ "ቀን አልተሰጠውም" ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ቀያሪ 2031፣ ወር 15፣ ቀን 31 ይሰጥሃል።

ሦስተኛው ባይት ላይ ከፍተኛዋ ቢት "ተሠርቷል" ናት፣ የተቀሩት 7 ቅድሚያውን ከ1 እስከ 5 ይይዛሉ። ከዚያ ጽሑፉ፣ ዜሮ ባይት፣ ማስታወሻው፣ ዜሮ ባይት። ምድቡ መዝገቡ ውስጥ የለም፤ ከፋይሉ ራስጌ ቀጥሎ ባለው የመዝገቦች ማውጫ ላይ በቁጥር ብቻ ተቀምጧል፣ ስሞቹ ለብቻቸው ሌላ ቦታ ናቸው። ኖትፓድ ላይ የጠፋብህም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ቀንም ምድብም ፊደል ሆነው አይቀመጡም።

ሐይቅ_ዳር፦
ከሀዋሳ ሰላም ብያለሁ። ፎርማቱን በተመለከተ ሁለቱንም አውጡ እላለሁ። ለኤክሴል ሲኤስቪ፣ ለስልኩ አይሲኤስ (የአይካሌንደር ፋይል)። ቱዱ ዶት ቲኤክስቲ የሚባለው የጽሑፍ ፎርማት ቀላልና ጥሩ ነው፣ ግን ለአንድ ሥራ አንድ መስመር ብቻ ስለሚሰጥ የእርስዎን ረጃጅም ማስታወሻዎች የሚያስቀምጥበት የለውም።

አይሲኤስ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በቅድሚያው ነው። ፓልም ከ1 እስከ 5 ይቆጥራል፣ አይካሌንደር ከ1 እስከ 9፣ 0 ደግሞ "አልተሰጠም" ነው። ቁጥሩን እንዳለ ከገለበጡት ከ1 እስከ 4 ያለው ሁሉ "ከፍተኛ" ይሆናል፣ 5 "መካከለኛ" ይሆናል፣ "ዝቅተኛ" የሚባል አይኖርም። ትክክለኛው 1ን ወደ 1፣ 2ን ወደ 3፣ 3ን ወደ 5፣ 4ን ወደ 7፣ 5ን ወደ 9 ማድረግ ነው።

ለተጠናቀቁት ሥራዎች ስታተሱን "ኮምፕሊትድ" ይበሉ፣ የተጠናቀቀበትን ቀን ግን አይጻፉ። የድሮው ቱ ዱ መጠናቀቁን እንጂ መቼ እንደተጠናቀቀ አይመዘግብም። አንዳንድ ቀያሪ የዛሬን ቀን ይሞላበታል፤ ለትራንዚት ሥራ የፈጠራ ቀን መዝገብ ውስጥ መግባት የለበትም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፓልሙ ላይ "ግላዊ" ተብለው በይለፍ ቃል የተደበቁ መዝገቦች ፒዲቢው ውስጥ ሳይመሰጠሩ ነው ያሉት። ሲኤስቪውን ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት እነሱን ይለዩ።

ትራንዚት_አዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ወጥቶልኛል። ጽሑፉን በፓይተን ወደ ፊደላችን መለስኩት። አሁን የቀሩኝ አራት ነገሮች ናቸው። ኤክሴል አማርኛውን ዝብርቅርቅ ምልክት ያደርገዋል። ስልኩ ላይ ቀኖቹ በአንድ ቀን ወደኋላ ይላሉ። ረጃጅም አርእስቶች መሀል ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ይገባል። ወደ ጎግል ካሌንደር ስጭነውም ምንም አልመጣም።

ቢት_በቢት፦
ኤክሴል ሲኤስቪን በሁለት ክሊክ ስትከፍተው በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛንም ፊደል በሚይዘው አጻጻፍ) የተጻፈ መሆኑን አያውቅም። ወይ ፋይሉን ስትጽፍ መጀመሪያው ላይ 239፣ 187፣ 191 የሚሉትን ሦስት ባይቶች አስቀድም (ፓይተን ላይ "ዩቲኤፍ-8-ሲግ" ካልከው ራሱ ያደርገዋል)፣ ወይ በ"ዳታ" ሜኑ አስገባና የዩቲኤፍ-8 ቁጥር የሆነውን 65001 ምረጥ። ሊብሬኦፊስ ሲከፍት ራሱ ይጠይቅሃል።

የቀኑ ነገር የሰዓት ቀጠና ነው። የኛ ሰዓት ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስክሪፕትህ ቀኑን የእኩለ ሌሊት ሰዓት ሰጥቶ ወደ ዩቲሲ ሲቀይረው ሴፕቴምበር 12 የነበረው ሴፕቴምበር 11፣ 21:00 ይሆናል፤ ስልኩ ደግሞ ቀኑን ብቻ ይወስዳል። አይሲኤሱ ውስጥ "ዱ" (የማብቂያ ቀን) የሚለው መስመር ላይ "ቫልዩ" እኩል ይሆናል "ዴት" ብለህ 8 አኃዝ ብቻ ጻፍ፣ 20030912። ሰዓት ከሌለ የሚቀየር ነገር የለም። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፤ በኛ አቆጣጠር ማየት ከፈለግህ ማሳያው ላይ ነው የሚቀየረው።

የጥያቄ ምልክቱ ከመስመር እጥፋት ነው። አይካሌንደር አንድ መስመር ከ75 ባይት እንዳይበልጥ ይላል፣ ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፣ ስለዚህ 25 ፊደል ሳይሞላ መስመሩ ይታጠፋል። ቀያሪው ባይት ቆጥሮ ፊደሉን መሀል ላይ ሲቆርጠው ግማሹ ፊደል ምልክት ሆኖ ይቀራል። ፊደል በፊደል እየቆጠርክ 75 ሊያልፍ ሲል እጠፈው፤ ቀጣዩ መስመር በአንድ ባዶ ቦታ ይጀምር።

ሐይቅ_ዳር፦
ጎግል ካሌንደር ከአይሲኤስ የሚቀበለው ቀጠሮን ነው፤ "ቪቱዱ" የተባለውን የሥራ መዝገብ ይዘለዋል። ተንደርበርድን (የኮምፒውተር የኢሜይልና የካሌንደር ፕሮግራም) ይጠቀሙ፤ ካልዳቭ (ካሌንደርንና ሥራን በኢንተርኔት የሚያመሳስል መንገድ) ያለው ሰርቨር ላይ፣ ለምሳሌ ኔክስትክላውድ ላይ፣ የከፈቱትን ካሌንደር ያገናኙና አይሲኤሱን እዚያ ያስገቡ። ስልኩ ላይ "ታስክስ ዶት ኦርግ" የሚባለውን የሥራ ዝርዝር አፕ ከዚያው ካልዳቭ ጋር ማያያዝ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ "ዩአይዲ" (የማይደገም መለያ) ይኑረው፣ የፓልሙን የመዝገብ ቁጥር ቢወስዱለት ጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ ፋይሉን አርመው እንደገና ሲያስገቡ ፕሮግራሙ ያንኑ ሥራ መሆኑን ያውቀዋል፣ ዝርዝሩ ሁለት ሁለት አይሆንም። ካስገቡ በኋላ የሥራዎቹን ብዛት በየምድቡ ከፓልሙ ጋር ያስተያዩ፣ ከዚያ በፊት ድንጋዮቹን እንዳያወጡ።