ክራር ብቻዬን ስጫወት እጠፋለሁ፣ ሰው ሲገባ ጣቴ እንጨት ይሆናል። ለምን?

ብርድ ለመደኝ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ቤቶች። ክራር የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው፣ መሳቅ ይቻላል። ማታ ከሥራ ስገባ ጋቢዬን ደርቤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ መቃኘት ነው። የኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት የቃኘኸው ማታ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሃል። ከዚያ በትዝታ ቅኝት አንዲት ሐረግ ይዤ እየደጋገምኩ፣ አሁንም እየደጋገምኩ ቆይቼ ቀና ስል የጣድኩት ሻይ ተንተክትኮ አልቆ ማፍያው ጠቁሯል። ሁለተኛዬ ነው።

የሚገርመኝ፣ ያንኑ ዜማ ጎበዝ ሰው ሲጫወተው በስልኬ ስሰማ ደስ ይለኛል ግን ሻይ አላሳርርም። በራሴ ድንዙዝ እጅ ስመታው ነው የምጠፋው። እህቴ በሩን ከፍታ "እስኪ አሰማን" ካለች ደግሞ አለቀልኝ። ነገሩ እንዴት ነው?

ጣርማ በር፦
ሻይ ያሳረረብህ ነገር ስም አለው። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ "ፍሎው" ብለውታል። የያዝከው ነገር በጣም ከቀለለ ይሰለችሃል፣ በጣም ከከበደ ያስጨንቅሃል፣ ከችሎታህ ጋር ሲመጣጠን ግን ሰዓቱም አንተም ትጠፋላችሁ። ክራር ደግሞ መልሱን ወዲያው ነው የሚሰጥህ፣ የተሳሳተችው ክር እዚያው ትነግርሃለች።

ስለ ስልኩ ያልከው እውነት ነው። ሮቢን ደንባር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት የዘፈኑ፣ ከበሮ የመቱና የጨፈሩ ሰዎች ሕመም የመቻል አቅማቸው ጨምሮ ተገኘ። ዝም ብለው ሙዚቃ ባዳመጡት ላይ ግን ይህ አልታየም። ኢንዶርፊን ነው ይላሉ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሕመም የሚያስታግስና ደስ የሚያሰኝ ቅመም።

እህትህ ስትገባ ልብህ ከዜማው ተነሥቶ ጣትህ ላይ ያርፋል። ደረጃ ስትወርድ እግርህን እያሰብክ ውረድ እስኪ፣ ትደናቀፋለህ።

የመንዝ በግ፦
እኔ በገና ነው የምደረድረው። አውታሩ ከበግ አንጀት ስለሆነ በስሜ አትሳቁ። በአውታሩና በበርኩማው (አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት) መሃል እንዚራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ አለች። ትንሽ ስትገፋት ድምፁ ይሞታል፣ ትንሽ ስትመልሳት ያ ንዝረት ይመጣና ጆሮህ ከመስማቱ በፊት ደረትህ ይሰማዋል። አንዳንድ ቀን እሷን ሳስተካክል ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ እውነት ለመናገር ከመዝሙሩ የማይተናነስ ደስታ ነው።

ሰው ቢገባ ባይገባ ግን ግድ አይሰጠኝም። በዐቢይ ጾም ስደረድር ለገባው ሰው አይደለማ። አንተ ለማን ነው የምትጫወተው?

ቀስት፦
ቆይ ቆይ፣ ሁላችሁም ብቻችሁን ነው የምትጫወቱት እኮ። አጎቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነው። ቤት ውስጥ "ተጫወትልን" ብትሉት በአንድ ክር ላይ አንዴ ፊጭ፣ አንዴ ፋጭ አድርጎ ይተወዋል። ሰርግ ላይ ግን እዩት። አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ ሲመልስ፣ አንዷ ትከሻዋን ስትሰብቅ ቀስቱን ሲያፈጥንላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ድካም የሚባል አያውቅም። የሱ ጣት እንጨት የሚሆነው ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። ስለዚህ ጣርማ በር፣ ትንታኔህ ለክራር ጀማሪ ይሠራ ይሆናል እንጂ አጎቴን አያውቀውም። ችግሩ ሰው መግባቱ አይመስለኝም፣ ገብቶ እጁን አጣጥፎ ማየቱ ነው። እህትህን አስጨብጭባት።

ጣርማ በር፦
ቀስት፣ እጅ ሰጥቻለሁ። አጎትህ ስለ ጣታቸው የሚያስቡበት ጊዜ የላቸውም ማለት ነው።

ብርድ ለመደኝ፦
ትላንት ሞከርኩት። እህቴ ጭብጨባው ላይ ፈጠነች፣ እኔ እሷን ልከተል ስሮጥ ሁለት ቦታ ሳትኩ፣ ሳቀችብኝ፣ ግን አላቆምኩም። ከዚህ በፊት ስሳሳት አስቀምጬው ነበር የምነሣው። መሃል ላይ ግን ሦስተኛዋ ክር ረገበች። የመንዝ በግ፣ በዚህ ውርጭ አንተ አውታርህን ምን ታደርገዋለህ?

የመንዝ በግ፦
በጨርቅ ጠቅልለህ አስተኛው። ከምድጃም አርቀው፣ ቆዳው ይሰነጠቅብሃል። ሻዩን ደግሞ እህትህ ትጣደው።