የአሚስታድን ሰዎች ነፃ ያወጣቸው ማነው? እስቲ ኑ እንከራከር

እናት ከሜሪላንድ፦ የልጄ የታሪክ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ። «የአሚስታድን ሰዎች ነፃ ያወጣቸው ማነው?» ይላል። ልጄ «ራሳቸው» ብሎ ጻፈ። ኤክስ ተደረገበት። መልሱ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ነው ተባለ። ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከዛሬዋ ሴራሊዮን አካባቢ የተፈነገሉ 53 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሜንዴዎች፣ ኩባ ላይ ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ1839 ከሃቫና ወደ ሌላ የኩባ ወደብ አሚስታድ በምትባል መርከብ ሲወሰዱ አመፁ። ካፒቴኑን ገድለው መርከቧን ያዙ። በኋላ የአሜሪካ ባህር ኃይል ያዛቸው፣ ታሰሩ። በ1841 ፍርድ ቤት ነፃ ናችሁ አላቸው። እኔና ባለቤቴ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀን አልተስማማንም። ፍረዱን።

የሕግ ተማሪዋ፦ እህቴ፣ እኔ ከአስተማሪው ጋር ነኝ። አመፁ ያደረሳቸው ኒው ሄቨን እስር ቤት ነው። ስፔን መልሱልኝ ትል ነበር። የፕሬዚዳንት ቫን ቢዩረን መንግሥትም ከስፔን ጎን ቆሞ ነበር። ኩባ ቢመለሱ የሚጠብቃቸው ሞት ነው። ደግሞ ፍርዱ ምን እንዳለ ልብ በሉ። «ባሪያ የማመፅ መብት አለው» አላለም። ስፔን ራሷ ከአፍሪካ ሰው ማምጣትን በሕግ ስለከለከለች፣ እነዚህ ሰዎች ድሮም ባሪያ አልነበሩም፣ የታፈኑ ነፃ ሰዎች ናቸው ነው ያለው። የካፒቴኑ አገልጋይ የነበረው ልጅ አንቶንዮ ግን ባሪያ ነው ተብሎ ወደ ኩባ ይመለስ ተፈረደበት። ደግነቱ ሸሽቶ ካናዳ ገባ። ስለዚህ ለሌሎቹ ልዩነቱን ያመጣው ሕጉ ነው።

መምህር ከደሴ፦ ልጄ፣ በደንብ ተናገርሽ። ግን ያ ሕግ እኮ ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር! በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሃቫና ላይ ሰው በሺዎች ይራገፍ ነበር። ማን አስከበረው? የአመፁ መሪ ሰንግቤ ፒዬ አንድ ምስማር አግኝቶ የሰንሰለቱን ቁልፍ እስኪከፍት ድረስ ሕጉ ወረቀት ነበር። የሸንኮራ መቁረጫ ገጀራ ያዙና ወጡ። «ገዛናቸው» የሚሉትን ሩዊዝንና ሞንቴዝን አልገደሏቸውም። መርከብ መንዳት ስለማያውቁ ወደ ፀሐይ መውጫ ውሰዱን አሏቸው። አገራቸው በዚያ በኩል እንደሆነ ያውቃሉ። ሞንቴዝ ቀን ቀን እሺ እያለ፣ ሌሊት ወደ ሰሜን እያዞረ አሜሪካ ዳርቻ አደረሳቸው። ፍርድ ቤትም ቢሆን የጠበቃ ንግግር ብቻ አልነበረም። አንድ ፕሮፌሰር ከእስረኞቹ በሜንዴ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ተማረ። ከዚያ ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ዞረ። ጄምስ ኮቪ የሚባል መርከበኛ ሰማውና ገባው። በሱ አስተርጓሚነት ሰንግቤ ራሱ ቆሞ መሰከረ።

ነርስ ከለንደን፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። የጀግና ታሪክ ሲበዛ ልጆች «ታዲያ ሌሎቹ ለምን ዝም አሉ?» ይላሉ። አትላንቲክን እንዲሻገሩ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጭኗል። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋው ባህር ላይ አልቋል። ወንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በእግር ብረት ተቆራኝተው ነው የሚተኙት። ካመፁትም አብዛኞቹ ተጨፍጭፈዋል። አሚስታድ ከስንት አንድ ነው።

መምህር ከደሴ፦ ዝም አላሉም እህቴ! መርከቦቹን ራሳቸውን እይያቸው። መሀል ላይ ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ አጥር አለ፣ መድፍና ጠመንጃ ወደ ምርኮኞቹ የዞረበት። ዙሪያውን መረብ ተወጥሯል፣ ሰው ዘሎ ባህር እንዳይገባ። አልበላም ያለን ሰው አፍ ፈልቅቆ የሚከፍት ብረት ነበራቸው። ዝም ላለ ሰው ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ተመራማሪዎች ከአሥር ጉዞ በአንዱ አመፅ እንደነበረ ይገምታሉ። ያልተሳካው እንኳ ነጋዴውን አክስሮታል። ተጨማሪ መርከበኛ፣ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ተጨማሪ ወጪ። በዚህ ምክንያት ሳይጫን የቀረው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል ይላሉ። የሞቱት እነሱ፣ የተረፈው ደግሞ መርከብ ያላየ ሰው ነው። ሴቶቹን ደግሞ አትርሺ። ብዙ ጊዜ ስለማይታሰሩ ወሬ የሚያደርሱት፣ መሣሪያ የሚያቀብሉት እነሱ ነበሩ።

የጅማው፦ እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባህር ላይ ጀልባዎች ስትይዝ፣ ውስጣቸው የተገኙት የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ስልሳ አራቱ በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። ሕፃን ልጅ ምን ብሎ ያምፃል? እዚያ ላይ ያዳናቸው የውጭ እጅ ነው፣ መካድ አይቻልም። ከሀገር ቤት እስከ ባህሩ እየተቀባበለ የሸጣቸው ደግሞ የኛው ሰው ነው። ይህም በመማሪያ መጽሐፍ ይግባ።

ነርስ ከለንደን፦ ተባረክ። ይህን ነበር ለማለት የፈለግኩት።

መምህር ከደሴ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልከራከርህም። ለሕግ ተማሪዋ ግን አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1841፣ ከአሚስታድ የተረፉት 35 ሰዎች ወደ አፍሪካ በተሳፈሩበት በዚያው ወር፣ ክሪዮል የምትባል መርከብ ከቨርጂኒያ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሰው ጭና ትሄድ ነበር። ከተጫኑት አንዱ የሆነው ማዲሰን ዋሽንግተንና ጓደኞቹ አምፀው ያዟት። ባሃማስ ደሴቶች፣ ናሳው ውሰዱን አሉ። ለምን? እንግሊዝ እዚያ ባርነትን እንዳጠፋች ያውቃሉ። 128 ሰው ነፃ ወጣ። ሕጉ ያለበትን ቦታ መርጠው የሄዱት እነሱ ናቸው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ክሪዮል ላይ እጄን ሰጥቻለሁ ጋሼ። አሚስታድ ላይ ግን አልለቅም፤ ፍርዱ ባይኖር ይሰቀሉ ነበር። ለልጁ ግማሽ ነጥብ ይሰጠው።

መምህር ከደሴ፦ ግማሽ አልቀበልም። ሙሉ ነው የሚገባው።

እናት ከሜሪላንድ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ለልጄ ስለ ካሌ ነገርኩት። ካሌ ከአሚስታድ ልጆች አንዱ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ። እስር ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ተምሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሚከራከርላቸው ለጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደብዳቤ ጻፈ። ነፃ እንዲያወጡን ንገርልን ይላል። ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝና «እማ፣ ይህንንስ ማን ጻፈው ሊሉ ነው?» አለኝ። ነገ አስተማሪውን ላነጋግር ነው።