ውሻ ነከሰው፤ ፔፕታይድ የሚባለው የት ይገኛል?

የጎንደሯ፦ ሰላም ናችሁ? ትናንት ማታ የእህቴን ልጅ ባቱ ላይ ውሻ ነከሰው። ደምቷል፤ ውሻውም ጠፍቷል። ፔፕታይድ የሚባል ነገር የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል የሚል አነበብኩ። ከውጭ የሚልክልኝ ዘመድ አለ። የት ይሸጣል? እናቴ ደግሞ ጠበል ይሻላል ትላለች።

ነርሱ፦ መጀመሪያ ቁስሉን አጠባችሁት? ካላጠባችሁት አሁኑኑ፤ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ክትባት። ጠበሉን ጎን ለጎን፤ በክትባቱ ፋንታ ግን አይሆንም።

የላብራቶሪ ተማሪ፦ ያነበብሽው ውሸት አይደለም። ፔፕታይድ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ናት። ቫይረሱ ገላው ላይ እንደ እሾህ የቆመ ፕሮቲን አለው። በእሱ ነው ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ የነርቭን መልእክት የሚቀበል አሴቲልኮሊን ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን ላይ የሚጣበቀው። ይህ በ1982 እ.ኤ.አ. በአይጥ ጡንቻ ታይቷል። የሚገርመው፣ አንዳንድ የእባብ መርዝም እዚያው ነው የሚጣበቀው። መርዙ ቦታውን ቀድሞ ከያዘ ቫይረሱ ይቸገራል። የፔፕታይዱም ሐሳብ ይኸው ነው፤ ወንበሩ ላይ ቀድሞ መቀመጥ። ግን ቫይረሱ ሌሎች በሮችም አሉት። አንዱን ብትዘጊ በሌላው ይሞክራል። ስለዚህ ነገሩ ገና ምርምር ነው። ፋርማሲ ውስጥ የለም፤ እሸጥልሻለሁ የሚልሽ ካለ ሌባ ነው።

የጎንደሯ፦ ገባኝ። ጎረቤት ግን ውሻውን ፈልጉና 10 ቀን ጠብቁ አለን።

የእንስሳት ሐኪም፦ ኧረ እንዳትጠብቁ! 10 ቀኑ ውሻው ታስሮ ሲታይ ነው፤ ያውም ክትባቱ ተጀምሮ። የጠፋን ውሻ እንደታመመ ቁጠሩት።

ነርሱ፦ ደም ስለወጣው ከክትባቱ ሌላ ኢሚውኖግሎቡሊን ጠይቁ። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ቫይረሱን ነርቭ ሳይደርስ እዚያው ይይዘዋል። አንቺ በፔፕታይድ የፈለግሽው እኮ ይኼን ነው። ዛሬ ካልተገኘ ክትባቱን ጀምሩ፤ ኢሚውኖግሎቡሊኑ ክትባቱ ከተጀመረ እስከ 7ኛው ቀን ይደርሳል። ቀጠሮ ደግሞ እንዳታልፉ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

የጎንደሯ፦ አጥበነዋል። ባጃጅ ውስጥ ነን። እናቴም አብራን ተሳፍራለች፤ የጠበል ጀሪካኗን ይዛ።