ጎተራ የገባ በቆሎ ነቀዝ እየፈጀው ነው፤ ምን ይሻላል?

ባለማሳው፦ ሰላም ወገኖች። ታኅሣሥ ላይ ተፈልፍሎ የገባ 3 ኩንታል በቆሎ ተበሳስቶ ዱቄት እያራገፈ ነው። ፎስቶክሲን (መርዛማ ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ መድኃኒት) ልጨምርበት ወይስ አየር የማያስገባው ከረጢት ይሻላል?

ወይናደጋ፦ ሰው በሚያድርበት ቤት ፎስቶክሲን? በፍጹም! ጋዙ ቤተሰብ ይጨርሳል። ባለሦስት ድርቡን ፒክስ ከረጢት ግዛ። ከረጢቱ ውስጥ ያለችውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ይጨርሳትና ይሞታል፤ መድኃኒት የለው፣ ምን የለው። በቆሎውን በወንፊት አበጥር። የውስጥ ድርብ የሆኑትን ሁለቱን ፕላስቲኮች በአየር ነፍተህ ቀዳዳ ፈትሽ። እየጠቀጠቅህ ሙላ፤ የውስጡን አፍ ጠምዝዘህ፣ አጥፈህ በሲባጎ ጥብቅ አድርገህ እሰር፤ ሁለተኛውንም ለብቻው፤ ከዚያ የላይኛውን ማዳበሪያ።

የጓሮው፦ እርጥብ ከታሸገ ግን ይሻግታል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምረህ ደህና አድርገህ ነቅንቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው፤ ሸራ ላይ መልሰህ አስጣው።

ባለማሳው፦ ለቤት ፍጆታ በየጊዜው እየከፈትኩ ብቀንስለትስ?

ወይናደጋ፦ ዋናው ጥፋት እሱ ነው። በተፈታ ቁጥር አየር ይገባል፣ ነቀዙም ነፍስ ይዘራል። የወር ቀለብ ለይተህ አስቀር፤ የታሰረውን ቢያንስ ለአንድ ወር አትንካ።

የጓሮው፦ አይጥ አንዴ ከበሳው ደግሞ ዋጋ የለውም። ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቀህ አስቀምጥ። ጎተራውንም ጥረገው፤ ስንጥቁ ውስጥ የቀረች ፍሬ ለከርሞው ነቀዝ ታስተላልፋለች።